ቀላሉ መጣብኝ

ጋሽ ፐርሰንት የሞተው እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ነው። ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ፣ መነጽሩ ዱቄት ሆኖ፣ አንድ ጫማው ወልቆ፣ እርሳሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። የጓሮው ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ልክ «ጊዜያችሁ አልቋል፣ እጃችሁን አንሱ!» ሊል አፉን እንደከፈተ።

አጠገቡ አንዲት ሴት ተንበርክካ ደረቱን ትጫናለች። ነርስ ናት። ሰውየው እንዳለቀለት እዚያ ካለው ሰው ሁሉ በላይ ታውቃለች፣ ግን እጇ እምቢ ብሏት ትጫናለች። እስከ ክርኗ ደም በደም ነው። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ያዩት ይሄንን ነው፤ አንድ ሟች፣ አንዲት ደም የነካት ሴት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ? ያዟት።

«ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ!» ብላ ጮኸች።

ፖሊሶቹ ተያዩ። ሰው ሞቶ ይቺ ስለ ፈተና ታወራለች!

መርማሪዋ የደረሰችው ትንሽ ቆይታ ነው። ጠና ያለች፣ አጭር፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚከብድ ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ ፊት ለፊት «እሜቴ» ይሏታል፣ ዞር ስትል ደግሞ «እሳቷ»። ታውቃለች፣ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። የዛን ቀን ግን መኪናው ውስጥ እያለች ነው የነደደችው፣ አለቃዋ ደውሎ።

«ቀላል ጉዳይ ነው» አላት። «ልጅቷ ጠዋት ከሰውየው ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች። ደሙም እጇ ላይ አለ። ይዘሻት ነይና እኛ ጋ ትደር፣ ከሰኞ በኋላ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«እሷ ካልሆነችስ?»

«ካልሆነች ትለቀቃለቻ! ምን ትሆናለች?»

ምን ትሆናለች። መርማሪዋ ይቺን ቃል መስማት ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው፣ አንድም ቀን ለምዳት አታውቅም።

ጓሮው ደርሳ ሬሳውን ዞር ዞር ብላ አየችው። ከዛ ነርሷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«የምን ፈተና ነው ነገ ያለብሽ?»

«የማስተርስ መግቢያ። የሕፃናት ነርስነት ልማር ነው። ሁለቴ ወድቄያለሁ። ሆስፒታሉ ቦታ የያዘልኝ እስከዚህ ዙር ብቻ ነው። ነገ አዳራሹ ውስጥ ካልተገኘሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ በቃ፣ አለቀ።»

«ሰውየውን ገፍተሽዋል?»

«ልገፋው ሄጄ ነበር» አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «እውነቴን ነው። ልስደበው ልግፋው እኔም አላውቅም። ስደርስ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ወደ ታች ሳይ…»

«ይኸው አመነች!» አለ አንዱ ፖሊስ።

«አንተ ዝም በል» አለችው መርማሪዋ ዞር ሳትል። «ምን አድርጎሽ ነው?»

«ቀላሉ መጣብኝ!» ብላ ተንሰቀሰቀች።

«ምኑ?»

«ጥያቄው! ቀላሉ መጣብኝ!»

መርማሪዋ ብዙ ዓይነት ለቅሶ ሰምታለች። ጥያቄው ቀለለኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ግን አልገጠማትም። ተነሳችና «እጇን ፎቶ አንሱት፣ ከዛ ትታጠብ። ፎቅ ላይ ትጠብቀኝ» አለች።

ግቢው በር ላይ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። አንድ ወጣት ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፣ ከሥሩ «ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙን በለጠ! ቀጣዩ እርስዎ ነዎት!» ይላል። ፀሐይ ፊቱን አገርጥታዋለች፣ አንዱ የሰፈር ዱርዬ ደግሞ በእስክሪብቶ ፂም አብቅሎለታል። ጋሽ ፐርሰንት እንጀራው ይሄ ነበር፤ ለማስተርስና ለዶክትሬት መግቢያ ፈተና ሰው ያሰለጥናል፣ ከመቶ ስንት ሰው እንደሚበልጡ ይነግራቸዋል። ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ጩኸት ተቀበላት። የሰው አይደለም፣ የማሽን ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሮች በኮምፔርሳቶ ተጋርደው ተደርድረዋል፣ አንዱ የሌላውን ፊት እንዳያይ። እያንዳንዱ ወንበር ላይ ግንበኛ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚያደርገው ዓይነት ትልልቅ የጆሮ መሸፈኛ አለ። ከተከፈቱት ሦስት ኮምፒውተሮች ሁለቱ ጥርርርር እያሉ ጆሮ ይበሳሉ። ሦስተኛው ዝም ብሏል።

ጥቁር ነጠላ የጣለች ሴት ገብታ ቁጥር መታች። ጩኸቱ ቆመ። የሟች ሚስት ናት፣ ተማሪዎቹ «እትዬ» የሚሏት። በሩ ላይ ተቀምጣ ስልክ የምትሰበስበው፣ ተማሪ የምትመዘግበው እሷ ናት።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለች መርማሪዋ።

«የባሌ ሥራ ነው። ፕሮግራሙን ራሱ ነው የሠራው። ተማሪ እንዳይተኛ ብሎ፣ አንድ ደቂቃ ማውሱን ካልነኩት ይጮኻል። ዝም የሚያሰኘው የሱ ቁጥር ብቻ ነው፣ የምናውቀውም እሱና እኔ…» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ያኛው ለምን አልጮኸም?»

«ያ ጨርሷል፣ እሜቴ» አለ ከጥግ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ላቡን እየጠረገ። ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፣ ባንከሩ ይሉታል። «ከዚህ ጉድ የሚገላገለው የጨረሰ ሰው ብቻ ነው። እኛማ እያሰብን እንኳ ማውሱን እንደ ሕፃን እሹሩሩ እንላለን።»

የጨረሰው አጠገቡ ቆሟል። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ፖስተሩ ላይ የሚስቀው ራሱ ነው፣ ፂሙን ሲቀነስ። አንደኛ ይሉታል።

መርማሪዋ ኮሪደሩን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። መጨረሻው ላይ የበረንዳው በር አለ፤ በሩ ላይ «በፈተና ሰዓት ይቀርቀር» ተብሎ ተጽፏል። ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረችም። ከታች የብረት በር የሚሠሩ ሰዎች ብረቱን በመፍጫ ሲያፏጩት ውለው ያድራሉ፣ ሰው ቢወድቅም ቢጮህም አይሰማም። በረንዳው ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበርና የሲጋራ ቁራጭ የሞላው ጣሳ አለ። አጥሩ ከወገብ በታች ነው። የበሩን መቀርቀሪያ ሳበችው። እንደ ተረገጠች ድመት ጮኸ።

«አምላኬ!» አለች እትዬ ከሩቅ፣ ከፊት ለፊቱ በር። «እሱ ድምፅ!»

መርማሪዋ በፍጥነት ተመለሰች። «ከዚህ ይሰማዎታል?»

«ይሰማል እንጂ። ማየት ነው የማይቻለው፣ ኮሪደሩ ይታጠፋል።»

እትዬ አጠገብ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ አባት ነው። ፈተናው ሳይጀመር መጥቶ እስካሁን ከዚያች ወንበር አልተነሳም። «እኔ ለምዝገባ እንጂ ለምስክርነት አልመጣሁም» ይላል በየመሀሉ።

«ስንት ጊዜ ጮኸ መቀርቀሪያው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ፈተናውን አስጀምሮ ለሲጋራ ሲወጣ አንዴ» አለች እትዬ። «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ከዛ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጮኸ፣ ገባ ብዬ ነበር። ከዛ… ከዛ ያቺ ስትጮህ።»

«ያቺ ከመጮኋ በፊትም መቀርቀሪያው ጮኋል» አለ አባትየው። «ሦስት ጊዜ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል እትዬ የትምህርት አሰጣጡን ከሀ እስከ ፐ አስረድተውኛል፣ እኔም ከሀ እስከ ፐ ጠይቄያለሁ።»

«ከውጭ ይቀረቀራል በሩ?»

«በፍጹም። ከውስጥ ብቻ ነው» አለች እትዬ። ከዛ ድንገት ብው አለች። «ምን ያስጠይቃል ይሄ ሁሉ? ያቺ ናት! ጠዋት ባሌ ላይ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል! ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ ሴትዮ?»

«እውነቱን» አለች መርማሪዋ። «እርስዎም እሱን ይፈልጋሉ ብዬ ነው።»

ነርሷ ትንሿ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች፣ እጇ ከመፋቁ ብዛት ቀልቷል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ሰው ጥያቄ ቀለለኝ ብሎ ለምን ያለቅሳል?»

«ፈተናው ሁለት ክፍል ነው» አለች ነርሷ። «የመጀመሪያው ድብልቅ ነው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት። እሱን በደንብ ከሠሩት ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ከባድ አድርጎ ያመጣልዎታል። ካበላሹት ቀላሉን ይሰጥዎታል። ቀላሉን ደግሞ አንድ ሳይስቱ ቢጨርሱት ነጥብዎ ጣሪያ አለው፣ አያልፍም። ስለዚህ ጥያቄው ሲቀልልዎ ነው መውደቅዎን የሚያውቁት።»

«ይሄን ያሰበው ሰው እናት የለውም?»

ነርሷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «ሌሊቱን በሽተኛ ሳገላብጥ አድሬ ነው የመጣሁት። ጋሽ ፐርሰንት በሰው ፊት "አንቺ ነገ ባትቀመጪ ይሻላል፣ የቤቱን ፐርሰንት ታወርጂብኛለሽ" አለኝ። ጮህኩበት። አዎ ጮህኩበት! ከዛ ተፈተንኩ፣ የመጀመሪያውን ጨረስኩ፣ ሁለተኛው ሲከፈት ቀላል። የስምንተኛ ክፍል ጥያቄ! ሰውየው እውነቱን ነው ማለት ነው ብዬ አበድኩ። መሸፈኛውን ወርውሬ ወጣሁ። አዳራሹን እንኳ ሁለት ጊዜ ሄጄ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ከየት ታክሲ እንደሚያዝ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር!»

«በረንዳው ጋ ስትደርሺ በሩ እንዴት ነበር?»

«ተቀርቅሯል። ከፍቼ ነው የወጣሁት። ያ ብረት ጣቴን ልጦኛል፣ ይኸው።»

መርማሪዋ ጣቷን አየችው። ውሸታም ብትሆን ኖሮ፣ አለች በልቧ፣ ክፍት ነበር ትል ነበር። ክፍት ነበር፣ ሰውየው ራሱ ወደቀ፣ አለቀ ደቀቀ። ይቺ ግን ራሷ ላይ በር እየዘጋች ነው።

ባንከሩን ስትጠራው ወንበሩ አቃሰተ።

«ላንተስ ሁለተኛው ክፍል ምን መጣልህ?»

«ለኔ?» ሳቀ። «እሜቴ፣ እኔ ሁለተኛውን ክፍል በዝና ነው የማውቀው። የመጀመሪያውን ጨርሼ አላውቅም። ዛሬም ግማሹ ላይ ነበርኩ የነርሷ ማሽን ሲያብድ።»

«ነገ ትፈተናለህ አይደል?»

«አዎን፣ ነገ ነው።»

«አትፈራም?»

«ምን ይደረጋል፣ ፈጣሪ ያውቃል።»

«አዳራሹ የት ነው?»

ባንከሩ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ጣራውን አየ። «እዛ… ወደ መሀል… በታክሲ ነው የሚኬደው።»

«አንደኛ ምንህ ነው?»

«የእህቴ እጮኛ ነው። አማቼ ሊሆን ነው» አለና ወዲያው የተናገረውን መልሶ ሊውጠው የፈለገ መሰለ። መርማሪዋ ትኩር ብላ አየችው። ላቡ ከጆሮ ግንዱ ይንጠባጠባል።

አንደኛ ሲገባ ወንበሩን ራሱ ጎትቶ፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ።

«ታች ያለው ፖስተር አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አራት ዓመት እዚያ ላይ ስስቅ» አለ። ድምፁ ውስጥ የሆነ የሚሻክር ነገር አለ። «በዚያ ነጥብ ነው ለዶክትሬት የተቀበሉኝ። በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ታዲያ አልፈህ፣ ተቀብለውህ፣ ዛሬ እዚህ የሙከራ ፈተና ምን ያደርግልሃል?»

«አእምሮ እንዳይዝግ ነው። ልጆቹንም ለማበርታት።»

«መቼ ጨረስክ?»

«የነርሷ ማሽን ሲጮህ የመጨረሻውን ጥያቄ እየመለስኩ ነበር።»

«ከበደህ?»

ፈገግ አለ፣ ልክ እንደ ፖስተሩ። «ለኔ ሁሌም ከባዱ ነው የሚመጣልኝ፣ እሜቴ። የዛሬውም ሁለተኛ ክፍል ላብ በላብ አድርጎኛል። ጂኦሜትሪው፣ ምንባቡ… ለሌላ ሰው አልመኘውም።»

«ጎበዝ» አለች መርማሪዋ። ማስቲካዋን አውጥታ አፏ ውስጥ ከተተች።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «የት ደረስሽ? ልጅቷን አመጣሻት?»

«አንድ ነገር ቀርቶኛል።»

«ምን?»

«ገዳዩ» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ከዛ እንግዳ ነገር አደረገች። እትዬን ለምና አንድ ማሽን ላይ አዲስ ፈተና አስከፈተች፣ ተቀመጠች፣ ጥያቄውን አየች፣ ተነሳች። በፈጠነ እርምጃ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። የበረንዳው በር ጋ ደርሳ፣ ወጥታ፣ ሰው እንደሚገፋ እጇን ዘርግታ፣ በሩን ቀርቅራ ስትመለስ ገና ኮሪደሩ መሀል ላይ ጥርርርር የሚለው ጩኸት ተቀበላት።

«እትዬ፣ ዝም አሰኙልኝ! ሁላችሁም ደግሞ እዚህ ክፍል ግቡ። ማንም እንዳይቀር። አባትየውም፣ እርስዎም ይግቡ።»

«እኔ ለምዝገባ ነው የመጣሁት…»

«ይግቡ አልኩ!»

ሁሉም ሲፈተኑ የነበሩበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ በሩ ጋ ቆመች፣ ነርሷን በዓይኗ ልትውጣት። ሁለቱ ፖሊሶች ግድግዳውን ተደገፉ። መርማሪዋ መሀል ላይ ቆማ የያዛትን ንዴት ለማብረድ ትንሽ አኘከች፤ አልበርድ አላት።

«ጋሽ ፐርሰንት ራሱ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «መቀርቀሪያው ሦስት ጊዜ ነው የጮኸው። የመጀመሪያው፣ እሱ ለሲጋራ ሲወጣ። ሦስተኛ፣ ነርሷ ስትከፍተው። በመሀል ያለውስ? እትዬ ባሌ ገባ ብለው አሰቡ። ገብቶ ቢሆን ኖሮ ታች አይገኝም ነበር። ተመልሶ ወጥቶ ቢሆን ደግሞ ብረቱ አንድ ጊዜ ይጨምር ነበር። ስለዚህ እሱ ውጭ ሳለ ሰው ከውስጥ ቀርቅሮበታል። ለምን ይመስላችኋል? ገዳዩ አስቦበት አይደለም። በዚህ ቤት በፈተና ሰዓት ያንን በር ሳይቀረቅር የሚመለስ ተማሪ የለም፣ ጋሽ ፐርሰንት ራሱ ነው ያስለመዳችሁ። ሰው ገፍቶ ጥሎ፣ እጁ ግን ደንቡን አከበረ።»

«እና ያቺ ናታ!» አለች እትዬ። «እሷ ዘጋችው፣ እሷው ከፈተችው!»

«እኔም አስቤው ነበር። ግን አሁን ሞከርኩት። ፈተና ላይ ያለ ሰው እስከ በረንዳው ሄዶ ሳይመለስ ማሽኑ ይጮኻል፣ ያለናንተ ቁጥር ደግሞ አይበርድም። እርስዎ ሁለተኛው ድምፅ ሲሰማ የማሽን ጩኸት ሰምተዋል?»

እትዬ ወደ አባትየው ዞረች።

«አልሰማንም» አለ አባትየው። «የማሽኑ የመጣው ከሴትየዋ ጩኸት በኋላ ነው።»

«ስለዚህ ነርሷ አይደለችም። ባንከሩም አይደለም፣ እሱ የመጀመሪያው ክፍል ግማሽ ላይ ነበር፣ ተነስቶ ቢሆን ማሽኑ ያጋልጠው ነበር። እትዬና እኚህ አባት አብረው ነበሩ። ገዳዩ የተነሳው ከማይጮህ ማሽን ፊት ነው። የማይጮኸው ደግሞ የጨረሰ ሰው ማሽን ነው። እኔ ስገባ ዝም ያለ አንድ ማሽን ብቻ ነበር።»

ሁሉም አንደኛን አየ። አንደኛ እግሩን አነባበረ።

«ነገርኩዎት እኮ። ነርሷ ስትጮህ ነው የጨረስኩት። ያን ሰዓት ጥያቄ ላይ ነበርኩ።»

«ማሽኑ ሰዓት አይመዘግብም፣ አይደል እትዬ?»

«አይመዘግብም። መልስና ውጤት ብቻ ነው የሚይዘው።»

«አንደኛም ያውቃል። መልሱን ማየት የሚችለው ደግሞ ጋሽ ፐርሰንት ብቻ ነው ብሎ ያስባል፣ እሱ ከሞተ ማን ይከፍተዋል? እትዬ በዚያው ቁጥር መልሱንም መክፈት እንደሚችሉ አላወቀም። ወይም በፈተና ቀን በር ላይ የተቀመጠችን ሴት ማን ይቆጥራል ብሎ ይሆናል።» ወደሱ ዞረች። «ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ዛሬ ሁለተኛው ክፍል የቱ መጣልህ?»

«ከባዱ» አለ አንደኛ። ትከሻውን ሰበቀ። «ሌላ መጥቶልኝ አያውቅም።»

«እትዬ፣ ይክፈቱት።»

እትዬ ሄደች። ቁጥሩን መታች። የስክሪኑ ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ።

«ያንብቡልን» አለች መርማሪዋ።

«የመጀመሪያ ክፍል…» አለች እትዬ። «ከላይ እስከ ታች ሦስተኛው ምርጫ ነው። ሁሉም። አንድም ሳይለይ። ሁለተኛውም ሦስተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው…»

«ሁለተኛው ክፍል የቱ ነበር?»

«ቀላሉ» አለች እትዬ። «ቀላሉ ነው የመጣለት።»

ነርሷ ሳታስበው አፏን በእጇ ያዘች።

«አዎ» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋ አሁን ከፍ አለ። «ሳያነብ ሁለቱንም ክፍል ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ጨረሰው፣ ማሽኑን ዝም አሰኘ፣ ሄደ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማንነቱን አያውቅማ! እንዲህ የሚመልስ ሰው ደካማ ነው ብሎ ቀላሉን ሰጠው። ሌላ ማንም ቢሆን ሲጠየቅ "ምን እንደመጣልኝ እንጃ" ይል ነበር። ይሄ ግን በሕይወቱ ቀላሉን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው! ሊመጣብኝ ይችላል ብሎ እንኳ አላሰበም። ነርሷ ቀላሉን አይታ አለቀሰች፣ እሱ ሳያየው ኮራ!»

«ደክሞኝ ነበር… ዝም ብዬ ነው የነካካሁት» አለ አንደኛ።

«ታዲያ ላብህ ከየት መጣ? ጂኦሜትሪውስ?»

አንደኛ ያነባበረውን እግሩን አወረደ።

«ምክንያቱን ደግሞ አንተ ትነግረናለህ» ብላ ባንከሩ ላይ ዞረች። «ነገ የሚፈተን ሰው አዳራሹ የት እንደሆነ አያውቅም። ያለፈ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። ነገ በአንተ ስም የሚቀመጠው ማነው?»

ባንከሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እህቴ ናት የለመነችው» አለ በጣቶቹ መሀል። «ወንድሜ ካላለፈ አላገባህም አለችው። ቀልድ ነበር የመሰለኝ በመጀመሪያ! ጋሽ ፐርሰንት ዛሬ ጠዋት ነቃብን። ልክ እንደ እርስዎ ነው የጠየቀኝ፣ አዳራሹ የት ነው ብሎ። ከዛ ሁለታችንንም ቢሮ ጠርቶ ከፈተናው በኋላ ለፈተና ድርጅቱ እደውላለሁ አለ። ያንተም የድሮው ነጥብ ይሰረዛል አለው። እኔ ይለምነዋል ብዬ ነው እንጂ… አንተ ሰውዬ! እህቴን ምን ብዬ ልንገራት? ምን ልበላት?»

አንደኛ ተነሳ። ያ ሁሉ እርጋታ ከላዩ እንደ ልብስ ወለቀ።

«ለመንኩት እኮ!» ብሎ ጮኸ። «በረንዳው ላይ ቆሜ ለመንኩት! አራት ዓመት በፊቴ በላ! ሰው ሁሉ የመጣው የኔን ጥርስ አይቶ ነው! ፖስተሩን አውርደው አንድ ቀን አላልኩትም። እሱ ግን ሲጋራውን እያቦነነ "አንተን አውርጄ ሌላ ፎቶ እለጥፋለሁ" አለኝ። ሌላ ፎቶ! እኔ ለሱ ፎቶ ነኝ!»

«እና እቺ ምንህ ናት?» አለች መርማሪዋ ነርሷን እያሳየች። «ደም በደም ሆና ስትያዝ ቆመህ ያየሃት? ነገ ፈተና አለኝ ስትል የሰማሃት? ማንም ሳይነካህ አንድ ቃል ማውጣት አቃተህ?»

አንደኛ ነርሷን አየ። የመጀመሪያ ጊዜው ይመስላል።

«እሷ መቼም አታልፍም» አለ።

ነርሷ የጆሮ መሸፈኛውን አንስታ ወረወረችበት። ደረቱ ላይ አርፎ ወደቀ። ፖሊሶቹ ሊይዟት ሲሉ መርማሪዋ «እሱን ያዙ፣ እናንተ ዕውሮች!» አለች።

አንደኛን ይዘውት ሲወርዱ እትዬ ተከትላ ወረደች። ግቢው በር ላይ ቆመች። ፖስተሩን በጥፍሯ ትቧጥጠው ጀመር። ወረቀቱ አሮጌ ነው፣ በቀላሉ አይላቀቅም፤ ጥርሱ ተቀደደ፣ ግንባሩ ተቀደደ፣ ፂሙ ቀረ። ሲደክማት ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ነርሷ አጠገቧ መጥታ ቆመች፣ መንካት ፈርታ።

እትዬ ዞረች። «ልጄ፣ የተናገርኩትን…» አለችና ተወችው። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ነገ ሂጂ። ሰማሽ? ሄደሽ ተቀመጪ። የቤቱ ፐርሰንት እንደፈለገ ይውረድ!»

በማግስቱ መርማሪዋ ፈተናው የሚሰጥበት ኮሌጅ በር ላይ መኪናዋን አቁማ ማስቲካዋን ታኝካለች። ሥራ ላይ መሆን ነበረባት። አለቃዋ ጠዋት «ጥሩ ሠርተሻል» ብሏት ነበር፣ ስለ ነርሷ ግን ቃል አልወጣውም፣ እሷም ያንን እያኘከች ነው። ተፈታኞቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ ስልኩን እየጎረጎረ።

ነርሷ ከሁሉ መጨረሻ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ከንፈሯን ነክሳዋለች።

መርማሪዋ ከመኪናው ወረደች። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አቃጠለኝ!» አለች ነርሷ፣ እንባዋ እየወረደ። «አናቴ ሊፈነዳ ነው! አንዱም ጥያቄ አልገባ አለኝ፣ ሁለተኛው ክፍል መግቢያ መውጫ የለው፣ ጂኦሜትሪው እሳት፣ ምንባቡ እሳት…»

«ቆይ ቆይ። ከባዱ ነው እንዴ?»

ነርሷ እያለቀሰች ሳቀች።

«ከባዱ መጣልኝ!»

«እሰይ!» አለች እሳቷ፣ የመኪናዋን ጣራ በጥፊ እየመታች። «ይበልሽ!»